ሳንዱቅ ውስጥ የተኛው ታብሌት

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አናወራም (ሁለቱም የትም አይሄዱም፤ ስንመለስ እናገኛቸዋለን)። የዛሬው ጉዳያችን አንድ አሮጌ ታብሌት ነው። «ይሄም ወሬ ሆኖ?» ያላችሁ እንደሆነ ትንሽ ታገሡን። ነገሩ ከታብሌቱ ከፍ ይላል።

ባለፈው ዒድ ዘመድ ጥየቃ ቦሩ ሜዳ ወጥተን ነበር። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ የምትገኝ ብርዳም ቦታ ናት። ታሪክ የተማረ ሰው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ ያውቃታል። የታመመ ያስታመመ ደግሞ በሆስፒታሏ ያውቃታል። እኛ የምናውቃት በአክስታችን ቡና ነው።

ቡናው አቦሉን አልፎ ቶናው ላይ ሲደርስ አክስታችን ተነሱና ከሳንዱቃቸው ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይቺን ነገር እዩልኝ» አሉን። ሻሹ ሲፈታ ታብሌት ነው። ልጃቸው በ2005 ዓ.ም. ከጅዳ የላከችላቸው። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ሲበራ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ባትሪው ደግሞ ቻርጀሩ ከተነቀለ ደቂቃ አይቆይም።

የፈለጉት አንድ ፎቶ ነው። የእናታቸውን፣ የእኛን አያት ፎቶ። አያታችን ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የወረቀት ፎቶዎች የነበሩበት አልበም ደግሞ የለም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤተሰቡ ቤት ዘግቶ ወጣ። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ በመንግሥት እጅ መመለሳቸው ከተነገረ በኋላ ቤታቸው ሲገቡ በሩ ክፍት ነበር፤ አልበሙም የለም። ማን እንደወሰደው፣ ለምንስ እንደሚጠቅመው አናውቅም። አክስታችን ግን ሲወጡ ታብሌቱን በጉያቸው ይዘው ነበር። እናም የአያታችን መልክ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው፣ እኛ እስከምናውቀው፣ በዚያች በተሰነጠቀች ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው።

ከእኛ በፊት ደሴ ወርደው አንድ ሞባይል ጥገና ቤት አሳይተውት ነበር። ሠሪው ልጅ «ፎርማት መደረግ አለበት እማማ፤ ትተውት ይሂዱና ከነገ ወዲያ ይምጡ» አላቸው። ፎርማት ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «እንደ አዲስ ይሆንልዎታል» ብሎ መለሰላቸው። አክስታችን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «እኔ አዲስ መቼ ፈለግሁ ልጄ? አሮጌውን ነው የምፈልገው።» ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ።

አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምረን ስለ ማኅደርና ስለ ቅርስ ከሰማነው ሁሉ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትበልጥብናለች።

ያነሳነው ብዙ፣ ያስቀረነው ጥቂት

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለን ልጆች በአንድ ቅዳሜ የምናነሳው ፎቶ አያቶቻችን በዕድሜያቸው ሙሉ ከተነሱት ይበልጣል። እነሱ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ልብስ ይቀይሩ ነበር፤ ፎቶ ቤት ይሄዱ ነበር፤ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከጀርባው ቀንና ስም ይጽፉበት ነበር። እኛስ? በየስልካችን ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ፎቶ አለን። ስልኩ ሲሰረቅ ሁለት ቀን እናዝናለን፤ ከዚያ አዲስ ገዝተን ከዜሮ እንጀምራለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው።

በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተኙትን አሮጌ ስልኮችና ታብሌቶች ብንቆጥራቸው ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ፣ ስንት ምርቃት ተቀብሮ እናገኝ ነበር! «አንድ ቀን እገለብጠዋለሁ» እያልን ነው እኮ ያስቀመጥናቸው። ያ «አንድ ቀን» ግን ባትሪውን አይጠብቀውም። የሊቲየም ባትሪ ሥራ ላይ ባይውልም ያረጃል። አብጦ የታብሌቱን ጀርባ የገፋ ባትሪ ካያችሁ ደግሞ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ሊነድ ይችላልና በቀጥታ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

ሦስት ሰዓት ከአንድ ገመድ ጋር

ወደ አክስታችን ቤት እንመለስ። ላፕቶፓችንን ከፈትን፣ ታብሌቱን በገመድ አገናኘን፣ «አምስት ደቂቃ ነው እትዬ» አልናቸው በኩራት። (የኩራታችንን ዋጋ አሁን ታያላችሁ።)

ታብሌቱ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ አላየውም። ገመዱን ነቀልን፣ ሰካን፣ እፍ አልንበት። ምንም። ሃያ ደቂቃ ከባከነ በኋላ ነው ጥፋቱ የገመዱ እንደሆነ የገባን። በየመንገዱ የሚሸጡት ብዙዎቹ ርካሽ ገመዶች ውስጣቸው ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው፤ መረጃ የሚያሳልፈው ሽቦ የለበትም። የጎረቤት ልጅ ሌላ ገመድ ይዞ መጣ። አሁን ኮምፒውተሩ «ጢን» አለ፤ ፎልደሩ ግን ባዶ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት እዚህ ላይ መጣ። ታብሌቱ ስክሪኑ እንደተቆለፈ ከሆነ ለኮምፒውተሩ ምንም ላያሳየው ይችላል። መጀመሪያ መክፈት፣ ከዚያ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ ወደ ታች ስቦ «ቻርጅ ብቻ» የሚለውን መቀየር ያስፈልጋል። ኤምቲፒ የሚለው ምርጫ ሁሉንም ፋይል ያሳያል። እሱ አልሠራ ካለ ፒቲፒ የሚለውን ሞክሩ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ታብሌቱን እንደ ካሜራ ይቆጥረውና ፎቶዎቹን ብቻ ያመጣል። ፎቶዎቹ በአብዛኛው ዲሲአይኤም የተባለ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ተሳካልን ብለን ሁሉንም በአንዴ መርጠን መገልበጥ ጀመርን። ታብሌቱ ደርቆ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! በኤምቲፒ ሲሠራ ታብሌቱ እንደ ፍላሽ ክፍት ሆኖ አይቀመጥም፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል ይጠይቀዋል፣ እሱም ፈልጎ ያቀብላል። አሮጌ ታብሌት ሁለት ሺህ ፎቶ በአንዴ ሲጠየቅ ይታክተዋል። ከዚያ በኋላ በመቶ በመቶው እየከፈልን ገለበጥን። ስንገለብጥ ደግሞ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ነው። ዋናው ከቦታው ሳይነቃነቅ ግልባጩ መቆጠር አለበት፤ ከመካከሉም ጥቂቱ ተከፍቶ መታየት አለበት።

በመሐል መብራት ሄደ። ታብሌቱ ጠፋ። አክስታችን ሳቁና «ቡና ጠጡ፤ ይመጣል» አሉን። መጣም።

የጋለሪው ፎቶ ሁሉ ተገልብጦ አለቀ፤ የአያታችን ፎቶ ግን የለም። የአክስታችን ፊት ሲለወጥ አየን። በዚያች ቅጽበት ስለ ቴክኖሎጂ የምናውቀው ሁሉ ከንቱ መሰለን። ከዚያ ነው አንዳችን የታብሌቱን ጎን ስትዳብስ አንዲት ጠባብ ክዳን ያገኘችው። ሜሞሪ ካርድ! ታብሌቱ ካርዱን ማንበብ ካቆመ ቆይቷል፤ ጋለሪውም ስለ ካርዱ ምንም አይናገርም። ካርዱን አውጥተን በአዳፕተር ላፕቶፑ ላይ ሰካነው። አራት መቶ የሚሆን ፎቶ ፈሰሰ።

አያታችን ስኒ ይዘው፣ ጀበናው አጠገብ ተቀምጠው፣ በሆነ ነገር እየሳቁ። ትንሽ ደብዝዟል። እጃቸው ተንቀሳቅሶ ጥላ ሆኗል። አክስታችን ምንም አላሉም፤ ስክሪኑን በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። አቧራ ግን አልነበረበትም።

ጥገና ቤቱና እኛ ሴቶች

አክስታችን ታብሌቱን ለጥገና ቤቱ ያልተዉት ፎርማቱን ፈርተው ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ነገሩን። ካርዱ ውስጥ የልጃቸው የሒና ቀን ፎቶ አለ። ሴቶች ብቻቸውን ሆነው፣ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ሲጨፍሩ። «ይሄን የሰው ልጅ ሲያገላብጠው ይታያችሁ» አሉን።

ትክክል ናቸው። የጥገና ሠሪዎቹን ሙያ እናከብራለን፤ ብዙዎቹ ማንም ሳያስተምራቸው በራሳቸው ጥረት የተማሩ ጎበዝ ልጆች ናቸው። ነገር ግን «ትተሽው ሂጂ» ሲባል የምንተወው ዕቃውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ምክራችን ይኼ ነው። ከተቻለ መጀመሪያ ራሳችሁ ገልብጡ፣ ከዚያ አስጠግኑ። ካልተቻለ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አሠሩ። ካርዱን አውጥታችሁ ያዙ። «ፎርማት» የሚል ቃል ስትሰሙ እጃችሁን ዘርጉና ዕቃችሁን ተቀበሉ። ንኪው የሞተ ስክሪን ቢሆን እንኳ ኦቲጂ በሚባለው ትንሽ መገናኛ ማውስ ሰክቶ መክፈት የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ካርዱን በሰው ኮምፒውተር ላይ መሰካት ግድ ከሆነም የአዳፕተሩን ጎን ተመልከቱ። ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ታች ስትገፉት ኮምፒውተሩ ካርዱ ላይ መጻፍ አይችልም። በየኢንተርኔት ቤቱ የለመድነው ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ እንዳይጋባባችሁ ይረዳል። (ያ ቫይረስ ይዟችሁ ከነበረም አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።)

መግቢያውን እንጂ መውጫውን አለማሰብ

ነገሩ ከአክስታችን ሳንዱቅም ያልፋል። እንደ አገር ታብሌት ስንገዛ ስለ መግቢያው እንጂ ስለ መውጫው የምናስብ አይመስልም። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180,000 የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ስንት ተወራ፤ ታብሌቶቹ በጊዜው አልደረሱምና ተማሪዎቹ በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተፈተኑ። ዕቅድ ሊዘገይ ይችላል፤ የትም አገር ያለ ነው። ዕቃው ግን ዕቅዱን ቆሞ አይጠብቅም። ባትሪው ያረጃል፣ ሶፍትዌሩ ይሻራል። ስለዚህ ታብሌት የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ይኼ ዕቃ ሲሞት ውስጡ ያለው የት ይሄዳል? ማንስ ይገለብጠዋል?

መልሱ ከባድ አይደለም። እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። ወሬው ዓለምን የዞረው ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የታብሌቱን ቅንብር ሰብረው ገብተው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ስለከፈቱ ነው። (ተመልከቱልን! አዋቂዎቹ የዘጉትን ካሜራ ነው የከፈቱት። የሰው ልጅ ዕቃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ፎቶ ማንሳት ነው ማለት ነው።) እኛን ግን የገረመን ሌላው ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ልጆቹ በታብሌቱ ምን እንደሠሩ እንዴት ታወቀ? ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሜሞሪ ካርዱን ይለውጥ ነበር። በቃ ይኼው ነው! መረጃው በሰው ኪስ ወጣ። የሚያስፈልገው ቀን የተቆረጠለት ሥራና ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ነው።

«ጎግል ላይ አለ» ለምትሉ

«እኔ ፎቶዬ ሁሉ ጎግል ላይ ነው» የሚል አይጠፋም። ደግ። ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ጎግል ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጡን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የምትጭኑት ሁሉ ከነፃዋ 15 ጊጋባይት ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ አሮጌ ታብሌት ሶፍትዌሩ ስላለፈበት ብዙ አገልግሎት ጭራሽ አያስገባውም። ሦስተኛውን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል፦ ኢንተርኔቱ ራሱ ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደመና ላይ ያስቀመጥነው ሁሉ የእውነት ደመና ሆኖብን ነበር።

በቴሌግራም መላክስ? ይቻላል። እንደ ፎቶ ስትልኩት ግን መጠኑን ይቀንሰዋል፤ የተነሳበትን ቀን የያዘውንም መረጃ ያወጣዋል። መላክ ካለባችሁ እንደ ፋይል ላኩት።

የእኛ አማካይ መንገድ እንዲህ ነው። አንድ ግልባጭ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሌላ አንድ ደግሞ በሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድ ዘንድ። የአክስታችን ፎቶዎች አሁን ቦሩ ሜዳ፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ አሉ። አንዱ ከተማ ቢከፋው ሌላው ይተርፋል። ይቺን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ 2014 ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1962

ሊያልቅ ሲል አንድ የሚያስቅ ነገር አየን። የአያታችን ፎቶ ፋይል ላይ የተጻፈው ቀን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ይላል። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን አያታችን በታብሌት ፎቶ ተነሱ! የአንድሮይድ ሰዓት የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ተነስቶ ነው፤ ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ ሰዓቱ ጠፍቶ ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

«ታዲያ መቼ ነው እትዬ?» አልናቸው። ጠጋ ብለው አዩ። «ይሄ ቀሚስ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥታ ስትመጣ ያመጣችላቸው ነው። ባቄላው እሸት ነበር። ያነሳኋቸውም እኔው ነኝ፤ ‹አታንሺኝ፣ ጥርስ የለኝም› እያሉ ነው የሚስቁት» አሉን።

እኛ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ስንባል ኖረን፣ ሁሉም መልስ ያለው አክስታችን ዘንድ እንጂ ታብሌቱ ውስጥ እንዳልሆነ ያወቅነው ያን ዕለት ነው። ታብሌቱ የያዘው መልክ ብቻ ነው። ስሙን፣ ቀኑንና ሳቁን የያዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ግልባጭ የላቸውም።

የ1870ውን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዛሬ የምናውቀው የነገሥታቱን ነገር የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ማን እንደተከራከረ፣ ማን እንደረታ፣ ከዚያ በኋላ መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል እንደተባሉ ተጽፎልናል። በዚያን ቀን እዚያው ሜዳ ዳር ቡና ታፈላ የነበረች ሴት ምን እንዳለች ግን ማንም አልጻፈም። የእሷን ነገር መጻፍ የማንም ሥራ አልነበረም። ዛሬ የእኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራውም፣ ገመዱም፣ ጊዜውም አለን።

ስለዚህ በዚያች ማታ ላፕቶፑን ጭናችን ላይ አድርገን አክስታችን እየነገሩን እኛ ጻፍን። ለእያንዳንዱ ፎቶ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት። አራት መቶውን አልጨረስነውም፤ መቶ ሠላሳ ላይ ደረስን። ቀሪውን ለሚቀጥለው ዒድ ቀጠሮ ይዘናል።

እናንተስ? መሳቢያውን ክፈቱና እዩ። ከተገኘው ዕቃ ጋር ትክክለኛ ገመድ ፈልጉ። ገልብጡ፣ ቁጠሩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ ታብሌቱን ዘግታችሁ ከባለቤቱ አጠገብ ቁጭ በሉና «ይሄ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በረካው ሳይፈስ የሚያልቅ ሥራ አይደለምና ቡናውን ደጋግማችሁ አፍሉ።

ቸር ይግጠመን።